የቡላ ጠያቂ እትዬ የዝና

በዚህ አገር ሰው ብቻውን መክበር ይችላል። ብቻውን መክሰርም ይችላል። ብቻውን መታመም ግን አይችልም። ትኩሳትህን ገና ራስህ ሳታውቀው በርህ ይንኳኳል፤ ገብቶ ከራስጌህ የሚቀመጥ፣ ግንባርህን ዳስሶ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ሻይ እስኪቀርብለት ድረስ የሞቱ ሰዎችን ታሪክ የሚተርክልህ ሰው ይመጣል። ይህን ሥራ በቋሚነት የያዘ አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ደሞዝ የለው፣ የዓመት ፈቃድ የለው፣ ጡረታ የለው። ጠያቂ ይባላል።

በእኛ ሰፈር፣ አሶሳ ላይ፣ ይህን ወንበር የያዙት ክብርት እትዬ የዝና ናቸው፤ የታመሙት ሁሉ ጎብኚ፣ ሊታመሙ ያሰቡት ሁሉ አስጠንቃቂ፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው የበርበሬ ሱቅ ባለቤት። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ሥራውን ግን ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የወሰዱት።

ቀኑን ሙሉ በርበሬ ሲያስፈጩ፣ ሲነፉና ሲሰፍሩ ይውላሉ። አመሻሹ ላይ ሱቁን ቆልፈው ቤታቸው ሳይደርሱ በቀጥታ ወደ በሽተኛው ነው። በር ላይ እንደቆሙ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ "ምን ቀመሰ?" ወባ ይሁን፣ የተሰበረ እግር ይሁን፣ የጥርስ ህመም ይሁን ጥያቄው አይለወጥም። ምንም አልቀመሰም ከተባለ "ወይ ጉድ" ብለው ይቀመጣሉ። ቀምሷል ከተባለም ለምን እንዳልደገመ ለመስማት ይቀመጣሉ። ከዚያ "ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለው ስንቱን አይቻለሁ" ይላሉ። ያዩትን ይተርካሉ፤ የተረኩለት ሰው መጨረሻ ላይ ይቀበራል፤ እሳቸውም የበሽተኛውን ፊት አይተው "እሱ እንኳ ዕድሜው አልቆ ነው" ብለው ያጽናናሉ።

እኔ ጥርሴን ያመመኝ ጊዜ ግልገል በለስ ይኖር ስለነበረ አንድ ነጋዴ መንጋጋ አጫወቱኝ። በማግሥቱ ጉንጬ እንዳበጠ ትምህርት ቤት ሄጄ ሦስት ክፍል ጂኦግራፊ አስተማርኩ። ተማሪዎቹ ቆራጥ መምህር ነው ብለው አደነቁኝ። እኔ ግን የሸሸሁት ጠያቂ ነበር።

የእትዬ የዝና ቋሚ በሽተኛ አስም ያለባቸው ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ፈንታው ናቸው። በየቀኑ ይጠየቃሉ። ከዓመት በዓል ይልቅ የእትዬ የዝና መምጣት የተረጋገጠ ነው። ሌሎቻችን ተራ በተራ ነው የምንታመመው፤ ጋሽ ፈንታው ግን እንደ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ክፍት ናቸው።

ደግሞ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እትዬ የዝና የሳሙት ሰው ያስነጥሳል። ነጠላቸው በዕድሜም በሥራም ብዛት ጫፉ ቀልቷል፤ አቅፈው ግራ ቀኝ አገላብጠው ሲስሙህ አፍንጫህ ከመሃሉ ይገባል። ታስነጥሳለህ። እሳቸውም "ይማርህ" ይላሉ። "ያኑርዎ" ትላለህ። ከዚያ ዓይንህን ትኩር ብለው ያዩህና "ጉንፋን ሊይዝህ ነው፤ ነገ ብቅ እላለሁ" ይሉሃል። ሰፈርተኛው ሁሉ ከለመደው የተነሳ ማስነጠሱን ከሰላምታው ለይቶ የሚያየው አልነበረም።

አሁን ወደ ቡላ ልምጣ። ቡላ የልጄ የቀነኒ ጊኒ ፒግ ነው። አሶሳ ላይ ይህን እንስሳ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ላስረዳ፤ አይጥ እንዳይባል ጅራት የለውም፣ ጥንቸል እንዳይባል ጆሮው አጭር ነው፣ እንዲያው ዝም ብሎ ፀጉራም ዱባ ነው። ከእኛ ጎን ተከራይተው የነበሩ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ልጃቸው ቡላ ያለበትን ካርቶን ታቅፋ መጥታ ለቀነኒ ሰጠቻት። ሁለቱ ልጆች ለሁለት ዓመት ጠዋት ማታ አይለያዩም ነበር። የህንዱ ልጅ አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ከካርቶኑ ጋር ያስረከበችው ቃል ግን በትክክል የገባት ነበር። "አደራ" አለች።

ቀነኒ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እህት ወንድም የላትም። ጓደኛዋ ከሄደች ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ የምትሮጠው ወደ ቡላ ነው፤ ከመምህሯ ቁጣ ጀምሮ እስከ ምሳ ዕቃዋ ድረስ የዕለቱን ወሬ ሁሉ ታወራለታለች። እሱም ሣሩን እያኘከ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ አድማጭ እኔም ባገኝ ደስ ባለኝ።

ሚያዝያ ላይ፣ ሙቀቱ ጣራውን ሲያጮኸው፣ የቡላ ትንፋሽ ተበላሸ። መጀመሪያ ሲር ሲር አለ። ቀጥሎ አፍንጫው እርጥብ ሆነ፤ ጎንና ጎኑ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ፀጉሩን አንጨፍርሮ ከቀርከሃ ቤቱ ጥግ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ። ቀነኒ ጎመን ብታቀርብለት ፊቱን አዞረ። እሷም እራቷን አልበላችም።

የሰፈሩ ሰው ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ትምህርት ቤት አንዱ ባልደረባዬ "አይጣችሁ ታሞባችሁ ነው አሉ፤ እግዜር ያጽናችሁ" አለኝ። ሌላው ወጥ ይወጣዋል ወይስ ለጥብስ ነው የሚሻለው ብሎ ጠየቀ። ቀነኒ የሰፈሩን ሳቅ ትሰማ ነበር። ሚስቴ ደራርቱ ልጅቷን አባብላ፣ እንስሳ ነው፣ አንዳንዴ እንዲህ ነው እያለች ለክፉው ታዘጋጃት ጀመር። ልጅቷ ግን መዘጋጀት አልፈለገችም።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ የዝና ማንጎ በፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በሚያዝያ ማንጎ አሶሳ ውስጥ ስጦታ አይባልም፤ ከየዛፉ ሥር የሚረገጥ ነገር ነው፤ የእሳቸው ግን ተመርጦና ታጥቦ የመጣ ነበር። እኛን ሳሙን፤ አስነጠስን። ከዚያ በርጩማ ሳብ አድርገው ከቀርከሃው ቤት ፊት ለፊት ተቀመጡ።

"ምን ቀመሰ?" አሉ።

ደራርቱ እኔን አየች። እኔ ጣራውን አየሁ። ቀነኒ ግን ቀጥ ብላ ቆማ መለሰች። ጠዋት ትንሽ ሣር ቀምሷል፤ ጎመኑን እንቢ ብሏል፤ ውኃ ሁለቴ ጠጥቷል። እትዬ የዝና አንድ በአንድ ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቀላል ነው የኔ ዓለም፤ እንዲህ ያለው ስንቱን አይቻለሁ" አሏት። ስለ ማን እንደተረኩ አልነግራችሁም፤ ሰውየው ግን እንደተለመደው ተቀበረ። የሚገርመው ነገር ልጄ የዚያን ዕለት እራቷን በላች። ከቤታችን ውጭ ያልሳቀባት የመጀመሪያው አዋቂ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀሩም። ከሱቅ ሲወጡ ጋሽ ፈንታውን፣ ከጋሽ ፈንታው ሲወጡ ቡላን ይጠይቃሉ። ቀነኒ ሰዓቱን አውቃ በርጩማውን ቀድማ ታወጣላቸዋለች። ቡላን ግን እየባሰበት ሄደ።

ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድነው። ከፍየሎችና ከአንድ ቁጡ አህያ ጋር ወረፋ ያዝን። የክሊኒኩ ባለሙያ ሀይደር የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ አማርኛው ሴትና ወንድ ሳይለይ ሁሉንም በእኩል ያስተናግዳል። ካርቶኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። "ወላሂ፣ ይሄ ነገር ትምህርት ቤት አልመጣም" አለ። ማዳመጫውን ካስጠጋ በኋላ ግን ቀልዱን ተወው። ለፍየል የሚሰጠው መርፌ ይህን የሚያህል ፍጥረት ሊገድል ይችላል ብሎ፣ ስልክ አንስቶ ድሮ ያስተማረውን ሰው ጠየቀ። ጥቂት ጠብታ መድኃኒት ሰጠን። ከእንጨት ቤት የምናመጣውን ሰጋቱራ አውጥተን ድርቆሽ እንድናነጥፍ፣ ነፋስ ከሚገባበት እንድናስቀምጠው፣ ማንጎና ቅጠል እንዳናጓድልበት ነገረን። ቀነኒ ዓይኗ እንባ ሲያቀር አይቶ "አታልቅስ ያ ቢንቲ፣ አታልቅስ ልጄ፤ ኢንሻአላህ ይድናል" አላት።

ዳነም። እትዬ የዝና ለሠርግ ገጠር ወርደው በከረሙበት ሰሞን ሲርታው ቆመ፤ ቡላ ማንጎ በላ። ከሠርግ ተመልሰው ያገገመውን በሽተኛ ሊጠይቁ መጡ። በማግሥቱ ቡላ ተመልሶ ኩርምት አለ። እንደገና ክሊኒክ፣ እንደገና ጠብታ። ሻል ይለዋል፤ ይብስበታል። ሀይደር በሦስተኛው መመላለሳችን መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት አጠገባችን ቁጭ አለ።

"ሄዶ የሚመጣ በሽታ፣ ሰበቡም ሄዶ የሚመጣ ነው" አለ። "ቤትህ ምን ይመጣል፣ ምን ይሄዳል? አቧራ? ጭስ? ፈልግ። አላገኘህም፣ ይሄ ሳንባ ብዙ አይችልም።"

ከዚያ በኋላ መፈለግ ሆነ። ደራርቱ ምድጃውን ወደ ጓሮ አዞረች። እኔ መጋረጃ አራገፍኩ። ቀነኒ ድርቆሹን እየበተነች አሸተተች። ምንም አላገኘንም። በዚያው አመሻሽ እትዬ የዝና መጡና ደራርቱን ሳሟት፤ አስነጠሰች። "ይማርሽ" አሉ። ቀነኒን ሳሟት፤ አስነጠሰች። "ይማርሽ።" እኔን ሳሙኝ። "ይማርህ።" ከቀርከሃው ቤት ፊት ቁጭ ብለው ነጠላቸውን ሲያጣፉ ከውስጥ ቀጭን፣ የክር ያህል ማስነጠስ ተሰማ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው "ይማርህ" አሉት። ቀነኒ ስለ ቡላ ሆና "ያኑርዎ" አለች።

ደራርቱ ሻይ የያዘችበትን ትሪ እንደያዘች ቀረች። እኔም ገባኝ። ሁለታችንም ያን ነጠላ አየነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጠያቂን እንዴት አድርጎ አትምጣ ይባላል? አበዳሪ በር ላይ ይመለሳል፤ ደላላ ይመለሳል፤ ጠያቂ ግን ተመልሶ አያውቅም፤ ቃሉም አልተፈጠረለትም። ልብስዎን ይቀይሩ ማለትም ያው ነው። ዘወር አድርጌ ሞከርኩ። ነጠላዎ ጫፉ ቀላ ብሏል እኮ አልኳቸው። "አዎ፤ የዘንድሮው በርበሬ ቀለሙ ግሩም ነው" አሉኝና በማግሥቱ በጆንያ ቁራጭ ቋጥረው አመጡልኝ። በዚህ ዘዴዬ በሽታው ቤታችን ጠቅልሎ ገባ።

ስለዚህ ዋሸን። ሐሳቡ የእኔ ነው። ቡላን ከኋላ ክፍል ደብቀን፣ አየር ይለውጥ ብለን ባምባሲ የደራርቱ ወንድም ጅረኛ ዘንድ ልከነዋል አልን። ቀነኒ ሐሳቡን አልወደደችውም፤ እንድትዋሽ ግን አልጠየቅናትም፤ ዝም እንድትል ብቻ ነው። እትዬ የዝና ሰሙና "ጥሩ አደረጋችሁ፤ የባምባሲ አየር ይስማማዋል" ብለው ሄዱ። እኔ በብልሃቴ ረክቼ አደርኩ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከጅረኛ ስልክ ተደወለ። ጅረኛ በቆሎ ነጋዴ ነው፤ ብዙ አይናገርም፤ የዚያን ዕለት ግን ድምፁ ተጨንቆ ነበር።

"ሁንዴሳ፣ አንዲት እናት ከአሶሳ መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀምጠዋል" አለኝ። "በሽተኛውን አሳየኝ ይላሉ። አይጥ ነው ይላሉ። ማል ጎዳ? ምን ላድርግ? ምን ልበላቸው?"

እትዬ የዝና ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ባምባሲ ድረስ ሊጠይቁት ሄደዋል። የሚዋሽ ሰው ቶሎ ማሰብ አለበት፤ ከኋላ ክፍል ተኝቷል በላቸው አልኩት። ጅረኛ የኋላ ክፍሉ የበቆሎ መጋዘን እንደሆነ አስታወሰኝ። እንደዚያም ቢሆን በላቸው አልኩት። በኋላ እንደነገረኝ እትዬ የዝና ተኝቷል ሲባሉ ደስ አላቸው። በሽተኛ ሲተኛ አይቀሰቀስም ብለው፣ ማንም እንዳይጮህ ጅረኛንና ሚስቱን ቤታቸው ውስጥ ዝም አሰኝተው፣ እስከ መጨረሻው መኪና ድረስ በመጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ማንጎውንም በሩ ሥር አስቀምጠውለት ተመለሱ።

አመሻሹ ላይ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፉ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጡ። ጭንቀታችንን ሊያቀሉልን ነው።

"ተለውጧል" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "በበሩ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁት። ትንፋሹ ፀጥ ብሏል፤ እንዲህ ያለ ሰላማዊ ትንፋሽ ሰምቼ አላውቅም።"

የበቆሎን ትንፋሽ ነው የሚሉት። ደራርቱ መሬት መሬት አየች። እኔ እግዜር ይስጥልን አልኩ። እትዬ የዝና ለቀነኒ ያስቀሩላትን አንድ ማንጎ ሊያወጡ ፌስታላቸውን ከፈቱ። ቡላ ደግሞ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ከሰማ የሚበላ መጣልኝ ብሎ የማፏጨት ልማድ አለው። ከኋላ ክፍል ረዘም አድርጎ አፏጨ።

ወፍ ነው ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀነኒ ቀደመችኝ።

"እትዬ የዝና፣ ቡላ ባምባሲ አልሄደም" አለች። "እዚህ ነው ያለው። እርስዎ በመጡ ቁጥር ትንፋሹ ያጥረዋል። ነጠላዎ ላይ በርበሬ አለ። እማዬና አባዬ ሊነግሩዎ ፈሩ።" ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ እንዲቀሩብኝ አልፈልግም። ግን አደራ ነው።"

እትዬ የዝና የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። "እኔን አይሸተኝም" አሉ ቀስ ብለው። ሠላሳ ዓመት በርበሬ ውስጥ የኖረ አፍንጫ ምን ይሸተዋል? ልጅቷን ሊስሙ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መልሰው ሰበሰቡት። ነጠላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ እንዳይራገፍ ተጠንቅቀው፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ በሩ ጋ ደረሱ። እዚያ ቆመው እኔን አዩኝ።

"ጋሽ ፈንታውስ?" አሉኝ።

ዓይኔን ሰበርኩ። እሱም መልስ ሆኖባቸው ሄዱ።

ቡላ ዳነ። የሀይደርን ጠብታ ጨረሰ፤ ሲርታው ጠፋ፤ ጎመኑን እንደ ድሮው ግንዱ ሳይቀር ቆረጣጥሞ በላ። ቀነኒ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ያመለጠውን ወሬ ሁሉ አወራችለት። አመሻሽ ላይ ግን በርጩማውን ታወጣና ባዶውን አይታ መልሳ ታስገባዋለች። እትዬ የዝና እኛን ብቻ አልነበረም የተዉት። ማንንም መጠየቅ አቁመዋል። በሰፈሩ ማን እንደታመመ የምንሰማው ሰውየው ድኖ መንገድ ላይ ስናገኘው ሆነ። አንዷ ወልዳ አራስነቷ ሊያልቅ ሲል ሰማን። ያ ሁሉ ወሬ በአንዲት ሴት እግር ይጓዝ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው።

አንድ ቀን በጋሽ ፈንታው በር ሳልፍ ጠሩኝ። ወንበራቸውን አጥሩ አፍ ድረስ አምጥተው መንገድ መንገዱን ያያሉ። የዝና ምን ሆነች ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና በአፋቸው የሚምጉትን መድኃኒት ከኪሳቸው እስኪያወጡ ድረስ አስጨነቁኝ።

"በርበሬውንማ ስንት ዘመኔ ካወቅሁት" አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። "ዝም ያልኩት ሳሉ ይሻለኛል ብዬ ነው። ማንም የማያንኳኳው በር ከሳል ይብሳል። ሂድና ይህንኑ ንገርልኝ።"

ሄድኩ። እትዬ የዝና ግቢያቸው ውስጥ ነበሩ። ያላቸው ነጠላ ሁሉ ታጥቦ የቀርከሃው አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ቢታጠብም ቢታጠብም ሁሉም ጽጌረዳ መሳይ ነው። ቁጭ በል አላሉኝም፤ ራቅ ብዬ እንድቆም በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ሰው ህመም ሳይሆን፣ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው።

በሰፈራው ዘመን ከወሎ በመኪና ተጭነው ሲመጡ ቀነኒን ያክሉ ነበር። እንደደረሱ እናታቸውን ወባ ጣላቸው። ሁሉም ቤት በሽተኛ ስለነበረ ጠያቂ የሚሆን ጤነኛ አልነበረም። አንድ ቀን አንዲት የበርታ ሴት፣ ኢቲዳል የሚባሉ፣ በቅል የማሽላ አጥሚት ይዘው መጡ። አማርኛ አያውቁም፤ እናትየው በርታኛ አያውቁም። ሴትየዋ አጥሚቱን አጠጥተው፣ እጃቸውን የእናትየው ግንባር ላይ አሳርፈው፣ ዝም ብለው ተቀመጡ። በማግሥቱም መጡ። እናትየው እስኪነሱ ድረስ መጡ።

"ጠያቂ ያለው በሽተኛ አይሞትም ብዬ ነው ያደግሁት አንተየ" አሉኝ። "እኔው ገዳይ ልሁን?"

የጋሽ ፈንታውን መልእክት ነገርኳቸው። አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። አጥሩ ላይ የተሰጣውን አንድ ነጠላ ገለበጡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ምን ቀመሰ?" አሉ።

አሁን ሥርዓቱ ተለውጧል። የሱቅ ልብሳቸው ሱቅ ውስጥ ይቀራል። ቤታቸው ገብተው ታጥበው፣ ደራርቱ በሰጠቻቸው አዲስ ነጠላ፣ ፀጉራቸው እንደረጠበ ወደ ጋሽ ፈንታው ይሄዳሉ። ጋሽ ፈንታው ሳላቸው ስለቀነሰ፣ ቶሎ ድኜ ትቀርብኛለች ብለው እንደሚሰጉ በምሥጢር ነግረውኛል። ቡላንም መጥተው አዩት፤ መጀመሪያ ከበረንዳው፣ ኋላ በርጩማው ላይ ተቀምጠው። አላስነጠሰም። ቀነኒ አንስታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ወዲያ ወዲህ አገላብጠው ካዩት በኋላ "እንግዲህ ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ምን ይጠየቃል?" ብለው ሳሟትና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ለመምጣት ምክንያት የላቸውም፤ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ደህና ነው። እኔ ጥርሴን እያመመኝ ከእሳቸው የሸሸሁት ሰው፣ አመሻሽ ላይ በረንዳ ተቀምጬ እግራቸውን እጠብቃለሁ። በአጥራችን በኩል አልፈው ወደሌላ በሽተኛ ይሄዳሉ። እውነቱን ልናገር፤ ናፍቀውኛል። ተረታቸው ናፍቆኛል፤ የተቀበሩት ሰዎቻቸው ሳይቀሩ ናፍቀውኛል።

ትናንት አመሻሽ ላይ እንደልማዳቸው ሲያልፉ አየኋቸው። ጤናዬ ሙሉ ነው፤ አንድም የሚያመኝ ነገር የለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ደራርቱ የለችም። ወደ አጥሩ ዞሬ አሳልኩ። እርምጃቸው ዘገም አለ። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ደገምኩት። የግቢው መቀርቀሪያ ሲከፈት ስሰማ ሮጬ ገብቼ ጋቢዬን እስከ አገጬ ድረስ ተከናንቤ ተኛሁ።